«አንተ የሠራኸው የቱን ነው?»

ሰሞኑን አንድ የሰፈሬ ልጅ ደውሎ «ወፍ ለማጥናት ነው አሜሪካ ድረስ የሄድከው?» አለኝ። አዎ፣ ለእሱ ነው። ሃሚንግበርድ እኛ ጋ የለችም። ዝርያዎቿ ከ350 ቢበልጡም ከአሜሪካ አህጉራት ውጭ አንዷም አትገኝም። በተከዜ ስም የምትጠራው፣ ደጋ ላይ አበባ የምትቀስመው የእኛዋ ወፍ ሌላ ወገን ናት። እሷ ብዙ ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ ነው የምትጠጣው፤ ይቺ አየር ላይ ተንሳፍፋ።

እኔ የማጠናት ወፍ 3 ግራም አካባቢ ናት። ስትበር ልቧ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይመታል። ሌሊት ስንቋ እንዳያልቅ ሰውነቷን ታቀዘቅዛለች። ፔሩ ተራሮች ላይ የአንዷ ሙቀት 3.3 ዲግሪ ድረስ ወርዶ ተለክቷል፤ ጥናቱ የታተመው በ2020 ነው። የእኔም ሥራ ሌሊት ነው። ላባዋን ነፍታ፣ መንቆሯን ወደ ላይ ቀስራ፣ እንደ በድን ትሆናለች። የምትጠቀመውን ኦክስጅን እየለካሁ አድራለሁ። ሊነጋ ሲል መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ሞቋት ብድግ ብላ ስትበር ባየሁ ቁጥር «ተመስገን» እላለሁ።

የጥናታችንን ውጤት በፖስተር ያቀረብንበት የሳይንስ ጉባኤ ገና ላይ ዋለ። እናቴ ዶሮ ስትሠራ እኔ ከረቫት አስሬ ፖስተራችን ሥር ቆሜያለሁ። አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር መጡ። ግራፉን ትክ ብለው አዩና «አንተ የሠራኸው የቱን ነው?» አሉኝ። እኛ ቤት ታላቅ ፊት «እኔ፣ እኔ» ማለት ነውር ነው። አንገቴን ደፍቼ «ሁላችንም ነን፤ እኔ ትንሽ አግዣለሁ» አልኳቸው።

ወዲያው ፊታቸውን ወደ ባልደረባዬ አዞሩ። እሱ ያደረው ሁለት ሌሊት ነው። «እኔ ለካሁ፣ እኔ አየሁ» አለ። አልዋሸም። ካርዳቸውን ሰጡት፤ ክረምት ላይ ቤተ ሙከራቸው እንዲመጣም ጋበዙት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሆዴ እርር አለ።

ለትምህርት ልትመጡ ያሰባችሁ፣ ለእንግሊዝኛ ፈተናው ለቶፍል ብቻ አታጥኑ። እዚህ ዝም ያለ ሰው እንዳልሠራ ነው የሚቆጠረው። ፈረንጆቹ ያበዙታል፤ ውሃ የጣደ ሁሉ «ወጥ ሠራሁ» ይላል። እኛ ደግሞ በሬ ጥለን ደግሰን «ምንም የለም እንጂ ብሉ» እንላለን። የሠራችሁትን በራሳችሁ አፍ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለትን ከአሁኑ ተለማመዱ። ጉራ አይደለም፤ ላባችሁ ነው።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል።

«ያቺ ወፍህ ሌሊት ብርዱን እንዴት ትችለዋለች ልጄ?» አለችኝ።

«ትቀዘቅዛለች እማዬ፤ ሊነጋ ሲል ትሞቃለች። እኔ ነኝ የለካሁት።»