ሐይቅ የለመደ ሰው ባሕር ላይ

ዛንዚባር ልሂድ የሚል የሐዋሳ ሰው ሳገኝ በመጀመሪያ የምነግረው ስለ ወሩ ነው። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ከባዱ ዝናብ ይወርድባቸዋል፣ በኅዳር ደግሞ ቀለል ያለው ይመጣል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስም ሙቀቱን ያበርደዋል። እኛ ፍልሰታ ተፈትቶ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሐዋሳን በዝናብ ትተናት ሄድን።

የሄድነው ታላቅ ወንድሜ፣ ባለቤቱና እኔ ነን። ወንድሜ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ቦታ እየተነሳ ጀልባ ይነዳል፤ እንግዳ አሳፍሮ ጉማሬ ያሳያል። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው፣ ሚስቱን ደግሞ እትዬ። እቁቡ ሲደርሰው ሰው ሁሉ ባጃጅ ይገዛል ብሎ ሲጠብቅ እሱ «ሌሎች ውሃቸውን ለእንግዳ እንዴት እንደሚያሳዩ ሄጄ ማየት አለብኝ» አለ። የቢጫ ወባ ካርድ ያስፈልጋል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ደሴቲቱ ለውጭ ጎብኚ ሁሉ የራሷን የ44 ዶላር ኢንሹራንስ ግዴታ አድርጋለች፤ ቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት ይቻላል። የቀረው ከአዲስ አበባ የሚነሳው አውሮፕላን ላይ መሳፈር ነው።

ያረፍነው ስቶን ታውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው አሮጌው ከተማ። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ መጠጋት አለበት። በሮቹ የተቀረጸ እንጨት ናቸው፣ የናስ ጉጥ ተመትቶባቸዋል። መርካቶ መንገድ ጠፍቶበት የሚያውቅ ሰው እዚህም ቢጠፋበት አይደነግጥ፤ የትኛውንም መንገድ ይዞ ቢሄድ ብዙም ሳይቆይ ባሕሩ ጋ ይወጣል።

የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። ገበያውን ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት የዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። በግቢው ውስጥ፣ መሬቱ ተቆፍሮ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ ሰዎች ሐውልት አለ። ከላይ ሆነህ ነው ቁልቁል የምታያቸው፤ ፊታቸው ግን ወደ አንተ አይዞርም። እትዬ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ራሷን ሸፈነችና አማተበች። ጋሼ እንደ ልማዱ ጥያቄ አላበዛም። የዚህን ደሴት መዝናናት ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ግማሹን እንዳላየ ነው የማምነው። ለባሕሩ ቀን ከመመደብ በፊት ለዚህ ግቢ ግማሽ ቀን መመደብ ይገባል።

ሲመሽ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ በምግብ ሻጮች ይሞላል። ሸንኮራ አገዳ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር በመጭመቂያ እየጨመቁ ይሸጣሉ። ሊጡ ስስ ሆኖ ተዳምጦ፣ እንቁላልና አትክልት ተጠቅልሎበት ምጣድ ላይ የሚጠበሰውን የዛንዚባር ፒዛ ይሉታል። የሥጋ ነገር ለሚያሳስበው የእኛ ሰው፣ ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ በየቦታው የሚታረደው በእነሱ ሥርዓት ነው፤ እኛ ሥጋውን ትተን በዓሣና በኮኮናት ወተት በተሠራ ቦሎቄ ነው የሰነበትነው። ኮኮናቱ ቅቤና ወተት ስለሚተካ ጾመኛ ቢሄድም አይቸገርም። እትዬ ቦሎቄውን ቀምሳ ሽንኩርቱ መቼ እንደገባ ሻጯን በምልክት ጠየቀቻት፣ ሻጯም ድስቱን ከፍታ አሳየቻት።

ቅመም የሚበቅልበትን እርሻ ለማየት የሄድነው ለእትዬ ብለን ነበር፤ ሦስታችንም ግን እዚያ ነው የቀረነው። ዘይት በሌለበት ድስት ቅመም ስታምስ ጎረቤት የሚሰማው ሽታ የእሷ ቤት ነው። ቅርንፉድ በቆርቆሮ፣ ቀረፋ በላስቲክ፣ ቁንዶ በርበሬ በብልቃጥ አላት፤ ዛፉን ግን አይታ አታውቅም። አስጎብኚው አንድ ረጅም ዛፍ ሥር አቁሞን ቅርንጫፍ ጎትቶ አወረደ። ጫፉ ላይ አረንጓዴና ሮዝ መልክ ያላቸው እምቡጦች በዘለላ ተያይዘዋል። ቅርንፉድ ማለት ይኸው ነው፤ አበባው ሳይፈነዳ ይለቀምና ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲመታው ይጠቁራል። ከፈነዳ ዋጋ የለውም። እትዬ አንዱን በጥፍሯ ጨምቃ አሸተተች። «ጋሼህ ጥርሱን ሲያመው የማደርግለት ይሄን ነው?» አለችኝ።

ገውዝን ደግሞ በቢላ ለሁለት ከፈለው። ውጪው ወፍራም ቢጫ ልጣጭ ነው፤ ከውስጥ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ፍሬ ይወጣል፣ ፍሬውን ደማቅ ቀይ መረብ ለብሶታል። ቀዩ መረብ ለብቻው፣ ፍሬው ለብቻው ደርቆ ይሸጣል። የቫኒላ ተክል እንጨት ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ሲሆን፣ አበባው ለአንድ ቀን ብቻ ስለሚከፈት ሴቶቹ ማለዳ ተነስተው በስንጥር እያንዳንዱን በእጃቸው ያዳቅሉታል። ሄል ከመሬት በሚወጣ ዘንግ ላይ ያፈራል። እትዬ ሄሉን ስታይ ኮረሪማን አነሳች፤ ሁለቱም የዝንጅብል ዘመድ ናቸው፣ የእኛው የሚበቅለው በከፋና በአካባቢው ደን ጥላ ሥር ነው። አስጎብኚው ኮረሪማን በስም ሰምቶት አያውቅም ነበር። ከቦርሳዋ ለሻይዋ የያዘችውን አውጥታ ሰጠችው። ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ባልደረቦቹን ጠራ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልናገር፣ ለሐበሻ መንገደኛ ይጠቅማልና። ሆቴል ውስጥ የሚያነጋግሩን በፈረንጅ ሰዓት ነው። ጀልባ ነጂዎቹና ገበያተኛው ግን እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ልክ እንደ እኛ ይቆጥራሉ፤ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ሰዓት ነው። ጋሼ ከአንድ ካፒቴን ጋር ለነገ ሲቀጣጠር ሦስት ጣቱን አነሳ። ካፒቴኑ የሆቴል እንግዳ መሆኑን አይቶ በፈረንጅ ሊያስተካክለው ሞከረ፤ ጋሼ ፀሐይዋን፣ ከዚያ ሦስት ጣቱን መልሶ አሳየው። ሰውየው እጁን ይዞ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በቀጠሮ ተቸግረን አናውቅም።

ወደ ምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄ ወደሚባለው መንደር የሄድነው ለባሕሩ ነበር። ማታ ስንደርስ ማዕበሉ ከሆቴሉ ደረጃ ሥር ነው የሚሰበረው። ጠዋት ስንነሳ ባሕሩ የለም። አሸዋው ዓይን እስኪደክም ተዘርግቶ፣ ጀልባዎቹ በጎናቸው ተኝተው፣ ውሃው ሩቅ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። የሐዋሳ ሐይቅ በክረምት ትንሽ ከፍ ይላል፣ በበጋ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ጀልባውን ያሰረው እዚያው አንድ ቦታ ነው። «ውሃው የት ሄደ?» አለ፣ እውነቱን ነው የጠየቀው። የጨረቃና የፀሐይ ስበት ውቅያኖሱን በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ዛንዚባር ላይ አራት ሜትር ገደማ ይደርሳል። በየቀኑም ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ እዚያ የቀኑን ፕሮግራም የምታወጣው ባሕሩን ጠይቀህ ነው፤ ለመዋኘትም ለመርከብም ለመሄድም።

ያ ባዶ አሸዋ የሴቶች እርሻ ነው። ውሃው ሲሸሽ ካንጋ የሚባለውን ጨርቃቸውን ታጥቀው ይወጣሉ፤ አሸዋው ላይ በመደዳ የተተከሉ አጫጭር ችካሎች አሉ፣ በመካከላቸው ገመድ ተወጥሯል፣ ገመዱ ላይ የባሕር አረም በየቁራጩ ይታሰራል። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ያጭዱታል፣ ያደርቁታል። ከእሱ የሚወጣው ካራጂናን የጥርስ ሳሙናንና አይስክሬምን ለማወፈር ወደ ውጭ ይላካል፤ በመንደሩም ሳሙና ይሠሩበታል። ውሃው እየሞቀ ስለመጣ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ጥልቀት በሌለው ቦታ እየሞተባቸው ነው። አንዲት እናት ሳር የመሰለውን ቁራጭ በእጄ አስይዘው ቋጠሮውን አሳዩኝ፦ ክሩን አላልተህ፣ አረሙን አስገብተህ፣ ሳታንቀው ትስባለህ። ካጠበቅከው ይቆረጣል፣ ካላላኸው ማዕበል ይወስደዋል። የመጀመሪያዎቹን እየፈቱ መልሰው አሠሩኝ። ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ሲደርስ ሥራው አለቀ። ለዚህ ጉብኝት ዋጋው አስቀድሞ ተነግሮናል፣ ገንዘቡንም የተቀበሉት እነሱ ራሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሲመለስ ጋሼን ንጋላዋ ላይ አወጡት። ከአንድ ግንድ ተቦርቡሮ የሚሠራ ጠባብ ጀልባ ነው፤ በሁለት ጎኑ እንዳይገለበጥ የሚደግፉት እንጨቶች አሉት፣ ሸራው ሦስት ማዕዘን ነው። ሞተር የለውም። ካፒቴኑ መሪውን ከሰጠው በኋላ ጉንጩን ወደ ነፋሱ አዙሮ አሳየው፤ ነፋሱ የሚነካህ ቦታ ሲቀየር እጅህን ቀይር ማለቱ ነው። ጋሼ ሞተር ነጂ ነው፣ አቅጣጫ የሚይዘው በዓይኑ ነው። ዓይኑን ሲጨፍን አየሁት። ሸራው ሁለት ጊዜ ተንፈራጠጠ፣ ከዚያ ተወጠረ፣ ጀልባው ጎኑን ጣል አድርጎ ሮጠ። እትዬ ገመድ ይዛ «በእመቤቴ!» ትላለች፣ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ጭጭ ብሏል።

ምኔምባ የምትባለው ትንሽ ደሴት ጋ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርገን ኮራሉን ከላይ አየን። የሐዋሳ ልጅ ዋና ቢችልም እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ውሃ አያውቅም፤ ጨዉ ራሱ ያንሳፍፋል። ኮራሉ ሕይወት ያለው ነገር ነውና እግር ማሳረፍ አይገባም። ኪዚምካዚ ላይ ዶልፊን ለማየት የሚሄዱት ጀልባዎች ግን አልተመቹኝም፤ ብዙ ሆነው ከበው ያሳድዷቸዋል። ጋሼ «ጉማሬ እንኳ እንዲህ ብታደርጋት ትጠልቅብሃለች» ብሎ አልሳፈርም አለ። በምትኩ እዚያው ያለውን፣ ሂጅራ 500 (እ.ኤ.አ. 1107) የሚል የዓረብኛ ጽሑፍ የተቀረጸበትን ጥንታዊ መስጊድ አየን። ጆዛኒ ደን ውስጥ ከዛንዚባር ደሴቶች ሌላ የትም የማይገኙ ቀይ ጦጣዎች አሉ፤ መመገብ ክልክል ነው፣ ደግ ሕግ ነው።

እኔን የነካኝ ሰዎቹ ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ ለእንግዳ ብለው ሳያስመስሉ፣ አጠገባቸው ቦታ ሰጥተው ማስቀመጣቸው ነው። በሐዋሳ እንግዳ ይመጣል፣ ጉማሬ ያያል፣ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ወርዶ ዓሣ ይበላል፣ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ፎቶ ያነሳል፣ በቃ። መረቡን ሌሊት የጣለውን ሰው አያውቀውም፣ ከፎቶውም ለእሱ የሚደርሰው ነገር የለም። ከከተማው ትንሽ ወጣ ሲባል እንሰት የሚፍቁ፣ በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ ቡርሳሜ የሚባለውን፣ በሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ የሚያቀርቡ እናቶች አሉ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ጨፍረናል፤ ከበዓሉ ውጪ ባሉት ቀናት ግን እንግዳውን ወደ ማን ቤት እንደምንወስደው አላሰብንበትም።

ጋሼ ግን አስቦበታል። ከተመለስን በኋላ ንጋት ላይ መረብ ከሚስቡ አጥማጆች ጋር ቁጭ ብሎ ተነጋገረ። ጀልባው ሁለት እንግዳ ብቻ ይይዛል፣ እንግዳው መረቡን አብሮ ይስባል፤ ቆሮሶውን ከአምባዛው ይለያል፣ ገንዘቡንም ጋሼና አጥማጆቹ እኩል ይካፈላሉ። ሞተሩን ከመረቡ ራቅ አድርጎ እንዲያጠፋ ጠይቀውት ተስማምቷል። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከአዲስ አበባ የሚመጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ቅዳሜ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲደርሱ ነግሯቸዋል።