ሌክ ትራውትን ያስያዘኝ ነጭ ሉር

ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩት ሐዋሳ ነው። ዘንግ፣ ክር፣ መንጠቆ፣ ትል። ቆሮሶ ለመያዝ ከዚያ በላይ አያስፈልገኝም ነበር። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ከመጣሁ በኋላ ግን ልቤን የወሰደው ሌክ ትራውት የሚባለው ዓሣ ነው። ጠቆር ያለ ገላው ላይ ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች አሉበት፣ ጭራው ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ካላገኘ አይኖርም። እሱን ፍለጋ ሁለት በጋ ሙሉ ከሚኒያፖሊስ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር፣ ዱሉዝ ድረስ ተመላለስኩ። አንድም አልያዝኩም።

ስህተቴ የጀመረው ሱቅ ውስጥ ነው። ሉር፣ ማለትም ዓሣ መስሎ ዓሣን የሚያታልለውን ማባበያ፣ የምመርጠው ለራሴ ዓይን ደስ ሲለኝ ነበር። ሳጥኔ በቀይና በብርቱካናማ ስፑኖች ተሞላ። ስፑን እጀታው የተቆረጠ ማንኪያ የሚመስል ብረት ነው። ቀይ ቀለም ደግሞ ውሃ ውስጥ ከሁሉም ቀድሞ ይጠፋል። አሥር ሜትር ያህል ሲወርድ ግራጫ ይሆናል። እኔ ያንን ቀይ ይዤ ዓሣው ከሌለበት ከላይ ከላይ እጎትት ነበር። ሌክ ትራውት የሚወደው 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለ ውሃ ነው፤ በጋ ላይ ላዩ ሲሞቅ ወደ ታች ይወርዳል። ሱፒሪየር ደግሞ እንደ ሐዋሳ አይደለም፣ ጥልቁ ቦታ 406 ሜትር ይደርሳል።

በሦስተኛው በጋ እዚያው ብዙ ዓመት ያጠመዱ አንድ ጋሼ ጀልባቸው ላይ አሳፈሩኝ። ሳጥኔን ከፍተው አዩና ዘጉት። ከኪሳቸው ነጭ ቲዩብ አውጥተው ሰጡኝ። ጣት የሚያህል ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፣ ጫፉ እንደ ሻርፕ ዘርፍ የተተለተለ፣ ውስጡ 28 ግራም እርሳስ ያለው።

«ወለሉን እስኪነካ ልቀቀው» አሉኝ። ሠላሳ አምስት ሜትር ላይ ክሩ ላላ። ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ክሩን ብዙ ሳላላላ ቀስ ብሎ እንዲወርድ እተወዋለሁ። ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ሲወርድ ነው። ክሩ የተጎነጎነው፣ የማይለጠጠው ዓይነት መሆን አለበት። ናይለን ከሆነ በዚያ ጥልቀት ንክሻው እጅህ አይደርስም።

ሶናሩ ላይ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ያለውን በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው መሣሪያ ላይ፣ ዓሣ መሆኑን የሚያመለክት አንድ መስመር ከወለሉ ተነስቶ ወደ ሉሬ መጣ። ደነገጥኩና እጄን አቆምኩ። መስመሩም ቆመ፣ ተመልሶ ወረደ።

«አንተ ልጅ፣ አታቁም! የሚሸሽ ነገር ነው የሚያባርረው!»

እንደገና ሲመጣ ሳላቆም ጠቀለልኩ። እኔ በፈጠንኩ ቁጥር እሱም ፈጠነ። ሌክ ትራውት ሆዱ ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት በአፉ ማስተንፈስ ይችላል፣ ስለዚህ ከጥልቁ እስከ ላይ ያለ ችግር ያባርራል። አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ዘንጉ ጎበጠ። አረፋው ውሃው ላይ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ልቤ ቆሞ ነበር።

ሦስት ኪሎ ገደማ ነበር። ሆዱን ስከፍት ስሜልት የሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ብርማ ዓሣዎች አገኘሁ። ከቲዩቡ ጎን አስቀመጥኳቸው። ርዝመታቸው እኩል ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሉር ስገዛ ሱቁ ግድግዳ ላይ ያለውን ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ያየሁትን አስባለሁ።

ስፑኖቹንም አልጣልኳቸውም። በረዶው እንደቀለጠ ውሃው ሁሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ዓሣው ዳር ድረስ ይመጣል። ያኔ ዱሉዝ አጠገብ ካለው ከማክዌድ ወደብ ድንጋዮች ላይ ሆኜ ሰማያዊና ብርማ ስፑን እወረውራለሁ። ቀስ ብዬ እጠቀልላለሁ፣ አልፎ አልፎ ለአፍታ እንዲወድቅ እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ እላለሁ፦ ትልቁን መልሱት። ይህ ዓሣ አዝጋሚ ነው፣ ለመራባት ብቻ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ላምፕሬይ የሚባለው እባብ መሰል ደም መጣጭ ዓሣና ከመጠን ያለፈ ማጥመድ ተደምረው ሊጨርሱት ነበር። ሲያረጅ ሥቡ ውስጥ ብክለትም ይጠራቀማል፣ ለለብለብ የሚሆነው ትንሹ ነው። ለዚህ ስል የስፑኖቼን ባለ ሦስት መንጠቆ አውጥቼ ባለ አንድ አደረግሁ። በጋ ላይ ላዩ ሞቃት ስለሆነ ከውሃ ሳላወጣው መንጠቆውን በፒንሳ እነቅላለሁ። ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጌ ስለቀው፣ ጭራውን አንዴ መትቶ ይሄዳል።