ስምንት ቅዳሜ በእንጦጦ ጫካ

ሜሪላንድ የምትኖረው እህቴ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የቅጠል ፎቶ ትልክልኛለች። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ወርቅ የመሰለ። አምና «የእናንተ ጫካ እኮ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ምን ታዩበታላችሁ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። እንጦጦን ለዓመታት ወጥቼ ወርጃለሁ። ግን ኤርፎን ሰክቼ፣ ሰዓቴን እያየሁ፣ እያለከለክሁ ነው። ስለ ጫካው ንገረን ብትሉኝ «ዛፍ አለ» ከማለት ውጪ ምንም አልነበረኝም።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድ ነገር ለመሞከር ወሰንሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ሁልጊዜ ያንኑ መንገድ፣ በዝግታ። ሁለት ኪሎ ሜትር የማትሞላ መንገድ ናት። ሩጫ የለም። ደብተርና እስክሪብቶ፣ ከሥራ ባልደረባዬ የተዋስኩት ባይኖክላር፣ በቃ። ወቅቱንም አስቤ ነው የመረጥሁት። መጸው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 26 ገብቶ ታኅሣሥ 25 ይወጣል። ብዙዎቻችን ከጸደይ ጋር እናምታታዋለን፤ ጸደይ ግን የሚገባው መጋቢት 26 ነው። እኔ ሁለት ቀን ቀድሜ መስከረም 24 ጀመርሁ።

የመጀመሪያው ቀን መሬቱ ገና ጭቃ ነበር። ሜዳው ላይ አደይ አበባ ሞልቷል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አበባ ነው፤ ተንበርክኬ ያየሁት ግን የዚያን ቀን ነው። መሐሉ ላይ ያለችው ቢጫ ክብ አንድ ነገር አይደለችም። እየደጋገምሁ አየኋት። ጥቃቅን ቱቦዎች ተደርድረው ነው፤ እያንዳንዷ ቱቦ ራሷን የቻለች አበባ ናት። ዳር ዳሩን የከበቡት «ቅጠሎች»ም እንዲሁ እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው። አንድ አደይ ቆረጥሁ ስንል እቅፍ አበባ ነው የቆረጥነው ማለት ነው። ሃያ ደቂቃ እዚያው ቆየሁ። የሚሮጡ ልጆች «ምን ጠፋብህ?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥቅምት 1 ላይ በመንገዴ ዳር ያሉትን ጥዶች ቆጠርሁ። 46 ሆኑ። ዛፎቹ ላይ ምንም ሳልጽፍ በደብተሬ ቁጥር ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ስመለስ ስህተቴን አየሁ። ከ46ቱ 15ቱ የፈረንጅ ጥድ ናቸው። ከሩቅ ስታዩአቸው አንድ ይመስላሉ። መለያው ፍሬው ነው። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ እንደ ትንሽ ኳስ ድቡልቡል ብሎ እንጨት ሆኖ ይጠጥራል፤ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ግን ትንሽ ናት፣ ለስላሳ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። ላዩዋ ላይ አመድ የመሰለ ነገር አለባት። በአውራ ጣታችሁ ብታሹት ይለቃል፤ ሥሩ ያብረቀርቃል። 31 ሐበሻ ጥድ ቀረኝ። ይህ ጥድ ከምድር ወገብ በስተደቡብም በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጥድ ዘር እንደሆነ ያወቅሁትም ያን ሰሞን ሳነብ ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ግማሾቹ ፍሬ አላቸው፤ ግማሾቹ ምንም የላቸውም። የታመሙ መሰሉኝ።

መልሱን ያገኘሁት ጥቅምት 15 ነው፤ ያውም ስለ ሌላ ዛፍ ስጠይቅ። እንጦጦን የምታውቁ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ታውቃላችሁ። አንዲት እናት ሸክማቸውን ከገደሉ አስደግፈው ቆመዋል። ከአጠገባቸው ቀላ ያለ አበባ ዘለላ ዘለላ ሆኖ የተንዠረገገበት ዛፍ አለ። ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ የላቲን ስም ብቻ ነው የሰጠኝ።

«እማማ፣ ይሄ ምን ዛፍ ነው?» አልኋቸው።

«ኮሶ ነዋ የኔ ልጅ! ኮሶ አታውቅም?» አሉኝ። ስሙንማ አውቃለሁ፤ ዛፉን ነው የማላውቀው። «ይቺ ሴቷ ናት፤ መድኃኒቱ ከሷ ነው። ወንዱ ያውልህ» ብለው በአገጫቸው ወደ ታች አሳዩኝ። የወንዱ አበባ ፈዘዝ ያለ ነው፣ እንደ ሴቷ አይቀላም፣ ዘለላውም ሳሳ ይላል። እሳቸው ሸክማቸውን አንስተው ወረዱ፤ እኔ ከሁለቱ ዛፎች መሐል ቆሜ ቀረሁ። ዛፍ ወንድና ሴት ይኖረዋል ብዬ ከትምህርት ቤት በኋላ አስቤም አላውቅ።

ቤት ገብቼ ስለ ጥድ አነበብሁ። ጥድም እንደዚያው ነው። ወንዴው ለብቻው፣ ሴቴዋ ለብቻዋ። ፍሬ የሌላቸው ጥዶቼ አልታመሙም ማለት ነው። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ጥቅምት 22 ብርዱ ለጉድ ነበር፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለዚህ ነው። ጣቴ ደንዝዞ መጻፍ አቃተኝ። ግን ከዛፍ ወደ ዛፍ እየሄድሁ የቅርንጫፎቹን ጫፍ አየሁ። ወንዴው ጫፉ ላይ የሩዝ ፍሬ የማታህል ቢጫማ ነገር አለችው። ነካ ሳደርጋት ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። ሴቴዋ ፍሬዋን ይዛለች። አንዱን ካየሁ በኋላ ሌላው ከሩቅ ይታየኝ ጀመር። ላለፉት ዓመታት የት ነበርሁ?

ከዚያ በኋላ ጥያቄዬ ሁሉ «ወንዴ ነው ሴቴ?» ሆነ። እውነቱን ለመናገር ዓይኔን የከፈተልኝ ይህ ጥያቄ ነው። ዝም ብሎ «ተፈጥሮን ማድነቅ» ለእኔ አልሠራም፤ አስር ደቂቃ ካደነቅሁ በኋላ ሐሳቤ ቢሮ ይገባል። አንድ ጥያቄ ይዤ ስሄድ ግን ሁለት ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ጀማሪ ብትሆኑ የምመክራችሁ ይህንኑ ነው። አንድ መንገድ፣ አንድ ጥያቄ።

ጥቅምት 29 ቁጥቋጦ ውስጥ አንዲት ግራጫ ትንሽ ወፍ አየሁ። ጥቁር ቆብ የደፋች ትመስላለች። ቆየት ብላ ሌላ መጣች፤ የእሷ ቆብ ቡናማ ነው። ጥቁሩ ወንዴ፣ ቡናማዋ ሴቴ። የሰሜኑ ብርድ ሲመጣ ከአውሮፓና ከምዕራብ እስያ ወደ እኛ ከሚወርዱት ወፎች መካከል ናቸው። እህቴ ፎቶ የምትልክልኝ ያ ወቅት ለካ እኔም ጋ ምልክቱን ይልካል። ቅጠሉ ሳይሆን ወፉ ነው የሚመጣው። ጻፍሁላት።

ስለ ባህር ዛፍ ብዙም አልጻፍሁም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ነው፤ ከሥሩም የጥዱን ሥር ያህል ብዙ ነገር አይበቅልም። አንድ ነገር ግን ይመዝገብልኝ። ከተቆረጠ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ቅጠል ክብ፣ ብርማ፣ ግንዱ ላይ ልጥፍ ያለ ነው። የትልቁ ዛፍ ቅጠል ደግሞ ረጅም፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። ያው አንድ ዛፍ ነው፤ በልጅነቱና በጉልምስናው ሁለት ዓይነት ቅጠል ያወጣል። የሐበሻ ጥድም እንዲሁ ነው፤ ችግኙ ላይ ቅጠሉ መርፌ ሆኖ ይወጋል፣ ሲያድግ ቅርፊት መስሎ ይተኛል።

ኅዳር 6 ሱሪዬን ጭጎጎት ሞላው። ሜዳው ደርቋል፣ አደዩም የለም። ቀጋው ግን ፍሬው ቀልቷል። ከሰሃራ በስተደቡብ ያለው ብቸኛ ሀገር በቀል ጽጌረዳ ይኸው እሾሃሙ ቀጋችን ነው። ሁለት ፍሬ ቀመስሁ፤ ሥጋው ስስ ነው፣ ጣዕሙ ግን ልጅነቴን መለሰልኝ።

ኅዳር 13 ስወጣ የጭስ ሽታው ገና ከአየሩ አልጠፋም። ትናንት ኅዳር 12 ነበር፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማውን ከጨረሰበት ጊዜ ጀምሮ አዲስ አበባ ቆሻሻዋን የምታጥንበት ቀን። ከላይ ሆኜ ሳይ ከተማው ጉም የለበሰ ይመስል ነበር።

ዘጠነኛው ጥድ ጋ ስደርስ ከላይ የሆነ ነገር ራሴ ላይ ጠብ አለ። የተገመጠ የጥድ ፍሬ ነው። ቀና ስል አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖች ናቸው፤ ሰባት ቆጠርሁ። በእኛና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖሩት ናቸው። ፍሬዋን በእግራቸው ይዘው፣ በቀይ መንቁራቸው እያገላበጡ ይፈለፍላሉ። አንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ወንዴው። ከጎኑ ያለችው ግንባሯም አረንጓዴ ነው፣ ሴቴዋ። ከሴቴዋ ጥድ ወደ ሴቴዋ ጥድ እየዘለሉ ወንዴዎቹን አልፈው ሄዱ። ፍሬው የት እንዳለ እኔ ስምንት ሳምንት የፈጀብኝን እነሱ ገና ድሮ ያውቁታል። አንገቴ እስኪደነዝዝ ቆሜ አየኋቸው።

ደብተሬ ላይ እስከ ዛሬ ያለው ይህ ነው፦ 16 ሴቴ፣ 14 ወንዴ። 17ኛው ጥድ ግን እንቢ ብሎኛል። ቁመቱ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ቅጠሉ ገና ከፊሉ መርፌ ነው። ፍሬም የለው፣ ቢጫ ጫፍም የለው። የሚመጣው ቅዳሜም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።