«የሚያስነሳህ ድምፁ ነው ወይስ እግርህ?»

ልጁ 23 ዓመቱ ነበር። እናቱ ይዘውት የመጡት ጎረቤት በግድግዳው በኩል ይሰድበኛል እያለ ድንጋይ ማንሳት ሲጀምር ነው። ማንም በሌለበት ድምፅ መስማት ከጀመረ ሰባት ወር አልፎታል፣ ትምህርቱንም ትቷል። እኔ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ በጤና ጣቢያችን ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) የምናየው በወር አንዴ ለድጋፍ ሲመጣ ብቻ ነው። እንደ ደንቡ ትኩሳት፣ የሚጥል በሽታ፣ ኤችአይቪ፣ ጫትና መጠጥ እንዳለ አጣራሁ። ጠበል ጀምረው ስለነበር «ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ሳያቋርጥ ይውሰድ» ብዬ ድምፁን ዝም በሚያሰኘው መድኃኒት፣ በሃሎፔሪዶል 5 ሚሊግራም አስጀመርኩት፤ በሁለተኛው ሳምንት 10 አደረግሁት።

በሦስተኛው ሳምንት እናቱ ብቻቸውን መጡ። «ዶክተር፣ ልጄ ባሰበት» አሉኝ (ነርስ ነኝ ብላቸውም ዶክተር ማለቱን አልተዉም)። «ቡና ሳፈላ አቦሉ ሳይቀዳ አሥር ጊዜ ይነሳል። ሌሊት ግቢውን ሲዞር ያድራል።» ካርዱ ላይ «እንደተረበሸ ነው» ብዬ ጻፍኩና መጠኑን 15 አደረግሁት። ልጁን ሳላየው! በሳምንቱ ከእናቱ ጋር ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ «ከዚህስ ሞት ይሻለኛል» አለኝ። ያን ቀን ደነገጥኩ።

ደግነቱ ሐኪሙ የሚመጣበት ሳምንት ነበር። ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ ብዙም ሳይጠይቀው ጎንበስ አለና ጠረጴዛው ሥር ተመለከተ። እኔም አየሁ። እግሮቹ ጭቃ እንደሚረግጥ ሰው ተራ በተራ ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። ሐኪሙ «የሚያስነሳህ ድምፁ ነው ወይስ እግርህ?» አለው።

«ድምፁማ ዝም ካለ ሰነበተ» አለ ልጁ። «ሥጋዬ ውስጥ ጉንዳን የገባ ይመስለኛል፤ ስሄድ ብቻ ነው ትንሽ የሚተወኝ።»

ይህ መድኃኒቱ የሚያመጣው ቁጭ የማያስብል መቁነጥነጥ አካቲዥያ ይባላል። በትምህርት ቤት ተፈትኜበት በጥሩ ውጤት አልፌዋለሁ፤ ሰው ላይ ሲመጣ ግን አላወቅሁትም። ድምፁን ዝም የሚያሰኘው መድኃኒት ዶፓሚን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል መንገድ ይዘጋል፤ ሰውነት እንቅስቃሴውን የሚያስተካክለውም በዚያው ኬሚካል ነው። እኔ መድኃኒቱ ያመጣውን መቁነጥነጥ ሕመሙ ነው ብዬ ያንኑ መድኃኒት ጨመርኩለት። ሃሎፔሪዶሉን ወደ 5 መለስነው፤ አስም እንደሌለበት ጠይቀን፣ የልብ ምቱንና ግፊቱን ለክተን መቁነጥነጡን የሚያስታግሰውን ፕሮፕራኖሎል 20 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ጨመርንለት። በአሥረኛው ቀን እናቱ «በረካውን ቁጭ ብሎ ጠጣ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሃሎፔሪዶል መርፌ የወሰደ ወጣት ወደ ቤቱ ሲመለስ ቤተሰቡን ሳላስጠነቅቅ አልሸኝም። አንዲት ልጅ መርፌውን በወሰደች ማግስት አንገቷ ወደ ጎን ተጣሞ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ተሰቅሎ በቃሬዛ አመጧት፤ አጎቷ «ይኸው፣ ጋኔኑ ለፈለፈ» ይላል። ፕሮሜታዚን በመርፌ ሰጠኋት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቷ ቀና። መድኃኒቱ የሚያመጣው ይህ የጡንቻ መኮማተር ጉሮሮን ከያዘ ትንፋሽ ስለሚዘጋ «ምላሱ ካበጠ ወይም አንገቱ ከጠመመ ሌሊትም ቢሆን አምጡት» እላለሁ። ይህን አስቀድሞ የሰማ ቤተሰብ መድኃኒቱን አይጥልም።

አሁን የክትትል ታካሚ ሁሉ ክፍሌ ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። ሲገባ አረማመዱን፣ እጁ መወዛወዙን አያለሁ። አፉ ውስጥ ጫት ወይም ማስቲካ እንዳለ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳለው እጠይቃለሁ። ከዚያ እጁን በጉልበቱ መሐል አንጠልጥሎ ይቀመጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ምላሱን ያወጣል። በመጨረሻ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በፍጥነት እያነካካ ሳለ እኔ የማየው ፊቱንና እግሩን ነው፤ ተደብቆ የነበረው እንቅስቃሴ ያኔ ብቅ ይላል። ይህ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ያለፈቃድ እንቅስቃሴ የሚለካ ኤይምስ የሚባለው መመዘኛ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሚሠራበት፤ ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ከ0 እስከ 4 ይሰጣል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ወረፋው ረጅም ነው የሚል ባልደረባ አለኝ፤ እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ እል ነበር።

በዚህ መመዘኛ ያገኘኋቸው አንድ አባት አሉ፤ ሞዲኬት የሚባለውን፣ እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በመርፌ በየወሩ ሲወስዱ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከንፈራቸው ያለማቋረጥ ያኝካል፣ ምላሳቸው ወጣ ገባ ይላል። እኔ ለዓመታት የእነዚህን መድኃኒቶች ጣጣ ማስታገሻ ነው ብዬ አርቴን የሚባል ኪኒን እሰጣቸው ነበር፤ እኛ ጋ አርቴን እንደ ጨው ሁሉም ላይ ይነሰነሳል። ለእጅ መንቀጥቀጥና ለግትርነት ይረዳል፤ መድኃኒቱ ለዓመታት ሲወሰድ ዘግይቶ ለሚመጣው ለዚህ ዓይነቱ እንቅስቃሴ ግን አይፈይድም፣ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። አርቴኑን ቀስ በቀስ አቆምኩ። መርፌውን ድንገት ማቆም የአእምሮ ሕመሙን ይመልሳል ብለን ከሐኪሙ ጋር መጠኑን ቀነስን፣ ኦላንዛፒን የሚባለው ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ሲገኝ ለመቀየር ተስማማን። ከዚያው ወገን የሆነው ክሎዛፒን የተሻለ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን በየሳምንቱ የነጭ ደም ሕዋስ የሚቆጥር ላቦራቶሪ የለንም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ለዚሁ ዘግይቶ ለሚመጣ እንቅስቃሴ የተፈቀዱ ሁለት መድኃኒቶች አሉ፤ የእኛ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ አይቻቸው አላውቅም።

በኤይምስ መጀመሪያ ስመዝናቸው ድምር ነጥባቸው 11 ነበር፤ ባለፈው ወር ወደ 9 ወረደ። «ያስቸግርዎታል?» አልኳቸው።

«እኔንስ አያስቸግረኝም» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን ስቆም ዳዊት የምደግም ይመስላቸውና ሰው ሁሉ ለእኔም ጸልዩልኝ ይለኛል።»