ላስቲክ ትልና መንጠቆ፦ ባስ ሳጠምድ እስካሁን የደረስኩበት

እዚህ ዲሲ አካባቢ ባስ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ለጀመራችሁ፣ ወይም «ልጀምር እንዴ?» እያላችሁ ለምታመነቱ፣ ላስቲክ ማባበያ ላይ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ስለ ጀልባ አላወራም፣ የለኝም። የማጠምደው ከዳር ቆሜ ነው። ብዙ ጊዜ ቨርጂኒያ ያለው በርክ ሌክ፣ ሐይቁ ጋ፣ እሄዳለሁ፣ ሲመቸኝ ደግሞ ወደ ሜሪላንድ ተሻግሬ ማታዎማን ክሪክ፣ ስሞልዉድ ፓርክ ውስጥ። አንዱ የቆመ ውሃ ነው፣ ሌላው ከፖቶማክ ወንዝ ጋር በየቀኑ የሚሞላና የሚጎድል። አንድ ዓይነት ትል ሁለቱ ጋ ፈጽሞ የተለያየ ሥራ ነው የሚሠራው።

መቼም ሱቁ ውስጥ የላስቲኩ መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው ራሱን ያዞረዋል። ትል አለ፣ እንሽላሊት አለ፣ ክሬይፊሽ የሚመስል አለ፣ ምን እንደሚመስል ሠሪው ራሱ የሚያውቅ የማይመስለኝም አለ። ቀለሙማ አይነሳ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በ1949 ነው፣ ኦሃዮ ውስጥ ኒክ ክሬም የሚባል ሰው ከላስቲክ ትል ሲሠራ፤ ዛሬ ግን ያ አንድ ትል ግድግዳ ሙሉ ሆኗል። የእኔ አቋም አጭር ነው፦ ቀለም መጨረሻ ላይ ይታሰብ። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይሄ ነገር ውሃ ውስጥ በምን ፍጥነት ይወርዳል?» ነው። ባስ ላስቲኩን ብዙ ጊዜ የሚጎርሰው እየወረደ ሳለ ነዋ። ስለዚህ ዋናው ምርጫ ክብደቱ ነው።

ቀለም ግድ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ውሃው ጠራ ያለ ከሆነ ግሪን ፓምፕኪን የሚሉት ቡናማ ቀመስ አረንጓዴ፣ ድፍርስ ከሆነ ጥቁርና ሰማያዊ። ጥቁሩ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ጥላው ጎልቶ ይታያል።

ጸደይ ላይ፣ ባሶቹ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ዳር ሲጠጉ፣ እኔ ከዋኪ ሪግ አልወጣም (ሪግ ማለት ትሉና መንጠቆው የሚገጠሙበት መንገድ ነው)። ሴንኮ የሚባለው አምስት ኢንች ወፍራም ላስቲክ ትል ወገቡ ላይ በትንሽ መንጠቆ ይወጋል፣ አለቀ። ክብደት የሚባል ነገር የለውም። ሴንኮ ውስጡ ጨው ስላለ በራሱ ይሰጥማል፣ ሁለቱ ጫፎቹ እየተንቀጠቀጡ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሥራው መወርወርና ዝም ማለት ነው፣ ለእኔ ዓይነቱ ችኩል ሰው ደግሞ ዝም ማለቱ ነው ከባዱ። አንድ ችግር አለው፦ ቶሎ ይበጠሳል፣ ፓኬቱም ርካሽ አይደለም። ወገቡ ላይ የላስቲክ ቀለበት አግቡና መንጠቆውን በቀለበቱ ሥር አሳልፉት፣ አንዱ ትል ብዙ ዓሣ ያያል።

ሙቀቱ ሲመጣና ሣሩ ውሃውን ሲሞላው ዋኪ ሪግ ያበቃለታል። መንጠቆው ክፍት ስለሆነ ዓሣ ሳይሆን ሣር ነው የምታወጡት። ያኔ ቴክሳስ ሪግ ነው። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ «ቀላል ነው» ይልና አጣሞ ይሰካዋል።

ቁጥሩ 3/0 ወይም 4/0 የሆነ፣ አንገቱ ላይ የታጠፈ መንጠቆ ያዙ። ጫፉን በትሉ አፍንጫ መሃል አስገቡ፤ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ሄዶ በጎን ይውጣ። መንጠቆውን እስከ አንገቱ ጎትቱና ጫፉ ወደ ትሉ ሆድ እንዲያይ አዙሩት። አሁን ትሉን ዝም ብላችሁ አንጠልጥሉትና ጉብጠቱ የት ላይ እንደሚያርፍ በጥፍራችሁ ምልክት አድርጉ። እዚያው ላይ ወግታችሁ በማዶ አውጡት፣ ከዚያ ጫፉን የላስቲኩ ቆዳ ሥር ሸሸግ አድርጉት። ትሉ ቀጥ ማለት አለበት። ከተኮማተረ ወይም ከጎበጠ ሲጎተት ይሽከረከራል፣ ክራችሁንም ይጠመዝዘዋል፤ አውጥታችሁ እንደገና።

ከመንጠቆው በላይ፣ ክሩ ላይ፣ ጥይት የመሰለው ክብደት ይገባል። በርክ ሌክ ላይ 1/8 ወይም 3/16 አውንስ ይበቃኛል። ማታዎማን ግን ወራጁ ትሉን ይዞት ይሄዳል፣ ሃይድሪላ የሚሉት የውሃ ሣር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ 1/4፣ አንዳንዴም 3/8። ሣር ውስጥ ከሆነ ክብደቱ ከትሉ እንዳይለያይ በትንሽ ላስቲክ ማቆሚያ ያዙት፣ ካልያዛችሁት ክብደቱ ወደ ታች ይሄዳል፣ ትሉ ግን ከላይ ሣሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከተንግስተን ብረት የተሠራው ክብደት ከእርሳሱ ይወደዳል፣ ግን በተመሳሳይ ክብደት አነስ ይላል፣ ጠንካራም ስለሆነ ድንጋይ ሲነካ በዘንጉ በኩል እጃችሁ ድረስ ይሰማል። አንድ ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት ካለብኝ እዚህ ላይ አወጣለሁ።

ማታዎማን የምትሄዱ ከሆነ ውሃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ሳታዩ ከቤት አትውጡ። ሲሞላ ዓሣው ሣሩና የውሃ ቅጠሉ ውስጥ ይበታተናል፣ ማን ያገኘዋል። ሲጎድል ግን ትንንሾቹ ዓሦች ከሣሩ ይወጣሉ፣ ባስም ጠርዙ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ትሉን ጠርዙ ላይ ጣሉትና ክሩን እዩ። ሲጎርስ ሁልጊዜ አይጎትትም፤ ክሩ ጠቅ ይላል ወይም ዝም ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል። የላላውን ሰብስቡና ዘንጉን በኃይል ወደ ላይ።

እዚያ ስኔክሄድ የሚባል ከውጭ የመጣ ዓሣም አለ። ፖቶማክ ውስጥ የተገኘው በ2004 ነው፣ አሁን ቤተኛ ሆኗል። ጥርሱ ሴንኮ አያስተርፍም። እሱን ወደ ውሃው አትመልሱት ይላሉ፣ ለነገሩ ሥጋው ግሩም ነው። ባሱን ግን እለቃለሁ። እማዬ በስልክ «ይዘህ ትለቀዋለህ? ታዲያ ምን አስለፋህ?» ትላለች፣ የሐዋሳ ልጅ ናትና ይሄ ጨርሶ አይገባትም። ለማንኛውም የፖቶማክን ዓሣ ለምትበሉ፣ ፒሲቢ በሚባል መርዛማ ኬሚካል ምክንያት የወጣ የአበላል ማሳሰቢያ ስላለ አንብቡት።

ሲበርድ ሁሉንም አሳንሳለሁ። ኔድ ሪግ፦ ሦስት ኢንች የማትሞላ ቁራጭ ትል፣ እንጉዳይ የመሰለ ራስ ያላት መንጠቆ ላይ። 1/10 አውንስ፣ መሬት ለመሬት፣ በጣም በቀስታ። እዚህ ላይ ዚማን የሚባለው ኩባንያ ትል ጥሩ ነው፣ ላስቲኩ ስለሚንሳፈፍ ጭራው ወደ ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ቢጎትቱትም አይበጠስም። ግን ከሌላው ላስቲክ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ እንዳታስቀምጡት። ተያይዘው ይቀልጣሉ፣ ሳጥኑም ይጣላል። በየራሱ ፓኬት ይቀመጥ።

ካሮላይና ሪግ፣ ክብደቱ ከትሉ ራቅ ብሎ የሚታሰርበት፣ ከዳር ለሚያጠምድ ሰው ጣጣው ይበዛል፣ ትቼዋለሁ። ቀጥሎ ድሮፕ ሾት ላይ ልቀመጥ ነው። ክብደቱ ከታች፣ መንጠቆው ከእሱ በላይ ስለሆነ ትሉ ከመሬት ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ለበርክ ሌክ ማጥመጃ መድረክ ጥልቅ ውሃ የሚሆን ይመስለኛል። ጁላይ ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆንና ዳር ላይ ምንም ሳይነካኝ ሲቀር፣ እሞክረዋለሁ።