ከጅማ ሆኖ ኑልሴክ ውስጥ ኢስክ መሥራት

መጀመሪያ ይህ ይጥራ፦ ኢቭ ኦንላይን በሚባለው የጠፈር ጨዋታ ላይ የሚሠራ ኢስክ፣ ማለትም የጨዋታው ገንዘብ፣ ብር አይሆንም። ኢስክን በብርም በዶላርም መሸጥ ከጨዋታው ባለቤት ከሲሲፒ ጋር የተገባን ውል ማፍረስ ስለሆነ አካውንት ያዘጋል። ገዢው የዶርም ጓደኛችሁ ቢሆንም ያው ነው። ኢስኩ የሚጠቅመው ለሌላ ነው። ኦሜጋ የሚባለው ሙሉ አካውንት በወር 20 ዶላር ገደማ ያስከፍላል፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው ሰው ግን ከጨዋታው ገበያ 500 ፕሌክስ (ኦሜጋ የሚገዛበት የጨዋታው ዕቃ) በኢስክ ገዝቶ 30 ቀን ኦሜጋ ሆኖ ይጫወታል። ከጅማ ለሚጫወት ሰው ኑልሴክ መውረድ የሚያዋጣው በዋናነት ለዚህ ነው።

ኑልሴክ ማለት የሴኩሪቲ ቁጥሩ 0.0 እና ከዚያ በታች የሆነ ጠፈር ነው። የጨዋታው ፖሊስ ኮንኮርድ አይደርስላችሁም፤ አብዛኛውን ግዛት የሚያስተዳድሩት ተጫዋቾች ያቋቋሟቸው አሊያንሶች ናቸው። ስለዚህ ወደ አንድ ኮርፖሬሽን፣ ማለትም የተጫዋቾች ቡድን፣ ሳይገቡ ሰው ግዛት ላይ ሄዶ ወንበዴ (ኮምፒውተሩ የሚነዳቸውን ጠላቶች) እገድላለሁ ማለት አይሆንም፤ ባለቤቶቹ ሲያገኟችሁ ያወርዷችኋል። ከመግባታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ ወንበዴ ሲገደል ከሚከፈለው ባውንቲ ላይ የሚቆረጠው ታክስ ስንት ነው? በውጊያ የጠፋ መርከብ ይተካል ወይ? ዕቃ ከጨዋታው ትልቁ ገበያ ከጂታ ማን ያመላልሳል? ሰዎቹ የሚበዙት በስንት ሰዓት ነው? ብዙ ሰው የመጨረሻውን ይረሳዋል። ሁሉም አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ እናንተ ስትጫወቱ ግዛቱ ባዶ ነው፤ ጠላት ሲመጣም የሚደርስላችሁ አይኖርም። አውሮፓዎች ይሻሉናል።

የጨዋታው ሰዓት ዩቲሲ ነው። 3 ስትቀንሱ የእኛ ሰዓት ይመጣል፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ። 19:00 ሲሉ ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። ሰርቨሩ በየቀኑ 11:00 ላይ፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ለአጭር ጊዜ ይዘጋል።

ስለ ኔትወርክ ብዙ አትጨነቁ። ሰርቨሩ ትዕዛዝ የሚያስኬደው በሰከንድ አንድ ጊዜ ስለሆነ እንደ ተኩስ ጌሞች ፒንግ አይገድልም፤ የስልክ ሆትስፖትም ይበቃል። ችግሩ መብራት ነው። ራውተሩ ሲጠፋ መርከባችሁ በራሷ 1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትሸሻለች፤ ነገር ግን ከወንበዴ ጋር ስትታኮሱ ከነበረ 5 ደቂቃ፣ ከተጫዋች ጋር ከነበረ 15 ደቂቃ ጠፈር ላይ ትቆያለች፤ በዚያ ጊዜ ፕሮብ የሚባል መፈለጊያ ያለው ሰው ፈልጎ ያገኛታል። ዋርፕ የሚባለውን ፈጣን በረራ የሚያግድ መሣሪያ ከተያዘባት ደግሞ ጭራሽ አትሸሽም። ላፕቶፑ በባትሪ እንዲቆይ፣ ሆትስፖቱም ቀድሞ እንዲገናኝ አድርጉ። ወደ ጨዋታው ስትመለሱ የተዋችኋቸውን ድሮኖች (ከመርከቧ ተለቀው የሚተኩሱትን) መልሶ የሚያገናኝ ትዕዛዝ አለ፤ እዚያው ስፍራ ካሉ ይሠራል።

ዋናው የገቢ ምንጭ ራቲንግ ነው፤ አኖማሊ የሚባል የወንበዴ ሰፈር ውስጥ ገብቶ ወንበዴ መግደል። ሄቨን፣ ሳንክተም፣ ፎርሴከን ሃብ የሚባሉት ያለ ፕሮብ በስካነሩ ዝርዝር ላይ ይታያሉ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ እዚያው ሲስተም (አንድ ኮከብና ዙሪያው) ውስጥ ይወለዳል። የተለመደችው መርከብ ኢሽታር ናት፤ አምስት ከባድ ድሮን ወይም አምስት ሴንትሪ (ቆሞ የሚተኩስ ድሮን) ታሰማራለች፣ ግን ኦሜጋ ትፈልጋለች። በነፃው አካውንት በቬክሰር ቀለል ካሉት አኖማሊዎች መጀመር ይቻላል። ድሮኑን በወንበዴው ዓይነት ምረጡ። ጉሪስታስ ከሆኑ ካይኔቲክ የሚባለውን የጉዳት ዓይነት የሚያደርሱት፣ ማለትም ዋስፕ ወይም ዋርደን የሚባሉት ድሮኖች። ሰርፔንቲስ ላይ ካይኔቲክና ተርማል ይሠራል። ብለድ ሬደርስና ሳንሻ ላይ ኢኤም፣ ፕሪተር ወይም ኪውሬተር። ኤንጀል ካርቴል ላይ ኤክስፕሎሲቭ፣ በርሰርከር ወይም ባውንሰር። የመርከቧን መከላከያም በዚያው አስተካክሉ፤ ለሁሉም የሚሆን ብላችሁ ከገጠማችሁ ለማንም አይሆንም። ትናንሾቹ ፍሪጌቶች ድሮኖቻችሁን ስለሚያሳድዱ ቀድመው ይሙቱ፤ ድሮን መቁሰል ሲጀምር መልሳችሁ ጥሩና እንደገና ልቀቁት። ድሬድኖውት የሚባል ግዙፍ የጦር መርከብ ከወጣባችሁ ጥላችሁ ሂዱ።

ባውንቲ የሚከፈለው በየ20 ደቂቃው ነው። ሁሉም ግን ኪሳችሁ አይገባም። ከፊሉ ሲስተሙ ውስጥ ባለው ኢኤስኤስ የሚባል ባንክ ይቀመጥና ቆይቶ ይከፈላል፤ እስከዚያ ሌባ መጥቶ ከሰበረው የሄደ ሄደ። ሌላው ሰው የማያየው ደግሞ የባውንቲ መቶኛ ነው፤ አንድ ሲስተም ውስጥ ብዙ ወንበዴ በተገደለ ቁጥር ይወርዳል። ሁሉም የሚጎርፍበትን ሲስተም ትታችሁ ሁለት ጌት (ከሲስተም ሲስተም መሻገሪያ በር) ራቅ ብትሉ በያንዳንዱ ወንበዴ የሚከፈላችሁ ይጨምራል፤ ጸጥታውም ትርፍ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚከስርበት እንምጣ። በሰዓት ይህን ያህል ኢስክ ይገኛል የሚል ቪዲዮ ሞልቷል፤ የጠፋውን መርከብ ቀንሶ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። አንድ ኢሽታር ከነዕቃዋ ብትወርድ የብዙ ምሽት ሥራ ይዛ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ገቢያችሁን የሚወስነው ድሮኑ ሳይሆን ሎካል፣ ማለትም የሲስተሙ የቻት ስም ዝርዝር፣ ነው። የሎካልን መስኮት ከቻቱ ለይታችሁ፣ ረዘም አድርጋችሁ፣ ዓይናችሁ በማይርቅበት ቦታ አስቀምጡ። ሲስተሙ ውስጥ የገባ ሰው ሁሉ ስሙ ወዲያው እዚያ ይወጣል፤ ወዳጅ ሰማያዊ፣ ጠላት ቀይ፣ የማይታወቅ ምልክት የሌለው። ሰማያዊ ያልሆነ ስም ሲወጣ ማንነቱን ለማጣራት አትሞክሩ። መጀመሪያ ወደ ወዳጅ ጣቢያ ዋርፕ ጫኑ፣ ከዚያ ድሮኖቹን መልሳችሁ ጥሩ። ደረሱም አልደረሱም ሂዱ። መርከብ ዋርፕ ለማድረግ ወደ መድረሻው ዞራ ከሙሉ ፍጥነቷ 75 በመቶ መድረስ አለባት፤ ያ ጥቂት ሰከንድ ይወስዳል፣ ድሮን ስትጠብቁ የምታባክኑት ያንኑ ነው። አምስት ድሮን ለማዳን ብሎ መርከብ ያስበላ ስንቱ ነው። ጣቢያው ጋ ስትደርሱ ከጥቃት የሚጠብቀው የጣቢያው ቴዘር ይይዛችኋል፤ እዚያ ቆማችሁ ጠላት በሚነገርበት ኢንቴል ቻናል ላይ ስሙንና ሲስተሙን ጻፉ።

ስሙ ሎካል ላይ ሆኖ መርከቡ የማይታይ ሰው ካለ ተደብቆ ነው። አለሁ ብሎ ሊያስፈራ ይሆናል፣ ወይም ሳይኖ (ሌሎች መርከቦች ከሩቅ የሚዘልሉበትን ምልክት) ከፍቶ ጓደኞቹን ላያችሁ ላይ ሊያወርድ። እሱ ካለ ሲስተም ቀይሩ፤ መከራከር አያስፈልግም።

መብራት ለሚቆራረጥበት ሰው ራቲንግ ከሁሉ ጥሩው አይደለም። የጨረቃ ማዕድን ይሻላል። ኮርፖሬሽኑ አታኖር የሚባል ጨረቃ የሚቆፍር ጣቢያ ካለው ከ6 እስከ 56 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚደርስ ቁፋሮ ያስይዛል፤ ድንጋዩ ደርሶ የሚፈርስበት ሰዓት ቀድሞ ስለሚታወቅ መብራት ባለበት ሰዓት ትወጣላችሁ። ከማዕድን መርከቦቹ ሪትሪቨር ብዙ ትይዛለች፣ ፕሮኪዩረር ግን በቀላሉ አትሞትም፤ ለጀማሪ ሁለተኛዋ ትሻላለች። ኦርካን የመሰለ ማዕድን የሚጨምቅ መርከብ አብሮ ከወጣ ማዕድኑን እዚያው ጨምቁት፤ የሚይዘው ቦታ ወደ አንድ መቶኛው ይወርዳል። የኮርፖሬሽኑ ታክስ የሚሰላው በማዕድን መዝገቡ ስለሆነ ያወጣችሁት ሁሉ ይታያል።

ከዚያ የቀለለ የፕላኔት ሥራ ነው። ፕላኔቱ ላይ ጥሬ ዕቃ የሚያወጣውን ኤክስትራክተር ለሁለት ሦስት ቀን ሞልታችሁ ትወጣላችሁ፤ ፋብሪካው 3000 ጥሬ ዕቃ ወስዶ በ30 ደቂቃ 20 ያደርጋል። ገቢው ትንሽ ነው፣ ግን ላፕቶፕ ተዘግቶም ይሠራል። ቁፋሮውን ረጅም ባደረጋችሁ ቁጥር የሚወጣው እያነሰ እንደሚሄድ እወቁ፤ ሁለት ሳምንት ሞልቶ መጥፋት ስንፍና ነው፣ ፈተና ሰሞን ካልሆነ በስተቀር።

ገና ካፒታል ለሌለው ኤክስፕሎሬሽን፣ ማለትም የተደበቁ ቦታዎችን ፈልጎ ሳጥን መክፈት፣ አለ። ሄሮን ወይም ኢሚከስ የሚባል ርካሽ መርከብ፣ የፕሮብ ማስወንጨፊያ፣ ስምንት ፕሮብ፣ ሳጥኖቹን ሃክ የሚያደርጉት ሬሊክና ዳታ አናላይዘር፤ ብትጠፋም አታስለቅስም። ፕሮቦቹን እያጠበባችሁ ምልክቱ 100 በመቶ ሲሞላ ዋርፕ ይደረጋል። የወንበዴዎቹን ስም የያዙት ሬሊክ ሳይቶች ጠባቂ የላቸውም፤ ኮቨርት ሪሰርች ፋሲሊቲ የሚለው ግን ይፈነዳል፣ ስሊፐር ካሽ የሚለውም ለፍሪጌት አይሆንም። ሃኪንጉ ሁለቴ ከከሸፈ ሳጥኑ ይጠፋል።

ያገኛችሁትን እዚያው መሸጥ ያጓጓል። ዋጋው ግን የጅማ ቡና ከገበሬው ደጅና አዲስ አበባ ያለውን ልዩነት ያህል ይራራቃል። ጂታ ላይ በውድ ይሸጣል፣ መንገዱ ግን አደገኛ ነው፤ ጌት ላይ ባብል (ዋርፕ የሚያግድ ክበብ) ዘርግተው የሚጠብቁ አሉ፣ ባብል ውስጥ ደግሞ መርከብ ስትፈርስ የምትተርፉበት ካፕሱል፣ ፖዱም፣ ስለማያመልጥ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያሉት ኢምፕላንቶች (ችሎታ የሚጨምሩ ቺፖች) አብረው ይሄዳሉ። ትልቅ ጭነት ለኮርፖሬሽኑ አመላላሽ በኮንትራት ስጡ፤ የሬሊክ ዕቃ ግን ቦታ ስለማይይዝ ራሳችሁ በፈጣን መርከብ ልታወጡት ትችላላችሁ።

ዕቃችሁን ሁሉ አንድ የተጫዋች ጣቢያ ላይ አታከማቹ። ጣቢያው ቢፈርስ ዕቃው በአብዛኛው አይጠፋም፣ አሴት ሴፍቲ ወደሚባል መጠበቂያ ይገባል፤ ወደ ሌላ ሲስተም ሲወጣ ግን ከዋጋው 15 በመቶ ይቆረጣል፣ እስከሚደርስም እስከ 20 ቀን ድረስ ሊታገድ ይችላል። ጦርነት ሲሸት የማትጠቀሙባቸውን መርከቦች ቀድማችሁ ኮንኮርድ ወደሚጠብቀው ሃይሴክ አውጡ።