ፕሌይስቴሽን 5 በእርግጥ ጠፍቶ ነበር? በዋጋው ያገኘሁበት መንገድ

በ2021 እ.ኤ.አ. እዚህ ሜሪላንድ ሱቆች ውስጥ የሶኒ የጌም መጫወቻ (ኮንሶል) ፕሌይስቴሽን 5 የሚባል ነገር አልነበረም። ኢንተርኔት ላይ ግን ካርቶኑ ያልተከፈተ እንደ ልብ ነበር። ነጋዴዎች የ499 ዶላሩን ዕቃ በ800 እና ከዚያ በላይ ይቸበችቡት ነበር። ታዲያ ይሄ ጠፋ ይባላል?

የእህቴ ልጅ አላስቀምጥ ሲለኝ ነገሩን ማጣራት ያዝኩ። ሶኒ ኮንሶሉን በኖቬምበር 2020 አውጥቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 4.5 ሚሊዮን አከፋፍሏል። ፕሌይስቴሽን 4 ሲወጣም ቁጥሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በጁላይ 2021 ሽያጩ 10 ሚሊዮን አለፈ፤ ከሶኒ ኮንሶሎች እንዲህ የፈጠነ አልነበረም። ፋብሪካው አልተኛም ማለት ነው። ፈላጊው ነው የበዛው። ኮሮና ሰውን ቤት አውሎታል፣ መንግሥት ለሕዝቡ የሰጠው የድጎማ ገንዘብ (የስቲሙለስ ቼክ) ገብቷል። ምርት እንጨምር ቢሉ ደግሞ ቺፑን መኪና ሠሪውም ላፕቶፕ ሠሪውም ይሻማዋል።

«ዋጋ ለማስወደድ ደብቀውት ነው» የሚለው ወሬ አልተዋጠልኝም። ሶኒ የ499 ዶላሩን ሞዴል መጀመሪያ ላይ በኪሳራ ነበር የሚሸጠው። ትርፉ ያለው ጌሙና የአባልነት ክፍያው ላይ ነው። ኮንሶሉን መጋዘን ቆልፎ ምን ያገኛል?

ችግሩ ነጋዴዎቹ ነበሩ። ዕቃ ሲገባ በቦት፣ ማለትም በራሱ በሚገዛ ፕሮግራም፣ ጠራርገው ይወስዱት ነበር። በጣት ከቦት ጋር መሽቀዳደም ደግሞ ልፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ፊቴን ወደ ሶኒ የራሱ መሸጫ አዞርኩ። እዚያ ያኔ በፕሌይስቴሽን አካውንት ትመዘገባላችሁ፣ ተራ ሲደርስ ግብዣ በኢሜይል ይመጣ ነበር፣ ለአንድ አካውንት አንድ ብቻ ነበር። ካርዴንና አድራሻዬን ቀድሜ አስገባሁ። ትዊተር ላይ «ገባ» እያሉ የሚጠቁሙትንም ደወላቸውን ከፍቼ ተከታተልኩ፤ በእነሱ በኩል ግን አንድም ቀን አልቀናኝም። ማንም ከማይፈልጋቸው ጌሞች ጋር አስሮ የሚሸጥ ሱቅም ነበር፤ አልፌዋለሁ። በመጨረሻ የሠራልኝ የኢሜይሉ ግብዣ ነው። 499 ዶላርና ታክሱ፣ አለቀ።

እጥረቱ አብቅቷል የተባለው በጃንዋሪ 2023 ነው። ያኔ የሶኒ ፕሌይስቴሽን ኃላፊ የነበረው ጂም ራያን ላስ ቬጋስ ላይ ተናገረው። መታገስ የሚችል ሰው ያኔ ያለ ወረፋ ገዛ። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ቤቱ ያለ ሰው ግን ይሄን ምክር እንዳይሞክረው።

አሁን አዲስ ኮንሶል ሲወጣ መጀመሪያ የማየው ሠሪው ራሱ ወረፋ ከፍቶ እንደሆነ ነው። ኒንቴንዶ በ2025 ጃፓን ውስጥ ስዊች 2 የተባለውን ኮንሶሉን ለመግዛት ዕጣ ሲያወጣ 2.2 ሚሊዮን ሰው ተመዝግቧል። መስፈርቱን ወድጄዋለሁ፦ በድሮው ስዊች ቢያንስ 50 ሰዓት የተጫወተ፣ የኦንላይን አባልነቱም አንድ ዓመት የሞላ። ለነጋዴ አይመችም።